ላፕቶፕ ስቀይር የቶዮታ ፕሬስ ማሽን ትዝ አለኝ (ረጅም ነው፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡ)

ባለኪቦርዱ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ቤት። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4፣ 2018 ካበቃ ወዲህ እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም አሮጌውን ላፕቶፕ ይዤ ስንገታገት ነበር። ለዊንዶውስ 11 አይበቃም። ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ የለውም፣ ፕሮሰሰሩም ከስምንተኛው ትውልድ በፊት ነው። ባለፈው ወር ያገለገለ ግን ጠንከር ያለ ሌላ ገዛሁና ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ቦታ የሚገባ ሊነክስ) ጫንኩበት። ኮምፒውተር መቀየር ምኑ ይጻፋል ትሉ ይሆናል። ከሦስት ዓመት በፊት ስቀይር ግን ዘጠኝ የሥራ ቀን በልቶብኛል። ዘጠኝ! የአሁኑ አንድ ምሽት፣ በሰዓት ለክቼ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። በመሃል ጎበዝ ሆኜ አይደለም።

ያኔ የሆነው እንዲህ ነው። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፣ ደነገጥኩ፣ በሁለተኛው ቀን አዲስ ገዛሁ። አሮጌውን ዘጋሁ፣ አዲሱን ከፈትኩ፣ በቃ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነኝ አልኩ። ከዚያ ፍለጋ ነው። ኖድ (ጃቫስክሪፕት ማስኬጃውን) ጫንኩ፣ ቨርዥኑ ሌላ ሆኖ ፕሮጀክቱ አልነሳ አለ። ሰርቨር ልገባ ስል መግቢያ ቁልፉ (ፋይል ነው) አሮጌው ላይ ነው። አሮጌውን ላስነሳ ስል አልነሳም። መብራት ሄደ፣ ዳታ ገዛሁ፣ ዳታው በአንድ የዶከር ኢሜጅ (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ሁሉ የያዘ ጥቅል) አለቀ። ደንበኛው የት ደረስክ ሲለኝ እየጫንኩ ነው ስል ሳምንቱ ሄደ። ምጣዱ ከጋለ በኋላ ማሰሻ ፍለጋ ጎረቤት የሚሮጥ ሰው አስቡ፣ እሱ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሊን (ከቶዮታ የመጣው ብክነትን የመቀነስ አሠራር) ሳነብ አንድ ታሪክ አገኘሁ። ሺጌዮ ሺንጎ የሚባል ጃፓናዊ ኢንጂነር ነበር፣ ቶዮታን ካማከሩት አንዱ። በ1969 እ.ኤ.አ. ቶዮታ አንድ ባለ 1,000 ቶን ፕሬስ ነበረው፣ ቆርቆሮ እየተጫነ የመኪና አካል የሚያወጣ። ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ ለመሄድ ሻጋታውን አውልቆ ሌላ መግጠም ያስፈልጋል፣ ይሄ ደግሞ 4 ሰዓት ይፈጅ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ማሽኑ ቆሟል። መጀመሪያ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል አወረዱት፣ ከዚያ ወደ 3 ደቂቃ። ደቂቃ ነው ያልኩት።

ዘዴው ከመቅለሉ የተነሣ ያናድዳል። ሥራውን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ማሽኑ ካልቆመ በቀር የማይሠራ ነው። ሌላው ማሽኑ እየሠራ ጎን ለጎን የሚሠራ ነው፦ ሻጋታውን ከመጋዘን ማምጣት፣ መፍቻውን ማዘጋጀት፣ ብሎኑን መቁጠር። ሰዎቹ ሁለተኛውንም ማሽኑን አቁመው ነበር የሚሠሩት። ቀጥሎ ደግሞ ከመጀመሪያው ክፍል ወደ ሁለተኛው ምን ማሻገር ይቻላል ብሎ ጠየቀ።

እኔም አዲሱ ላፕቶፕ እንደመጣ ሥራዬን አላዛወርኩም። አሮጌው ላይ እየሠራሁ አንድ ባዶ የጽሑፍ ፋይል ከፈትኩና ለሁለት ሳምንት የነካሁትን ሁሉ መዘገብኩ። የትኛውን ፕሮግራም ከፈትኩ፣ የትኛውን ትእዛዝ ጻፍኩ፣ የትኛው ፓስወርድ ተጠየቅሁ። ያልነካሁትን አልመዘገብኩም። አሮጌው ላይ ተጭኖ ከነበረው ውስጥ ከግማሽ በታች ነው ዝርዝሩ ውስጥ የገባው፣ ቀሪውን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ማታ ማታ ዝርዝሩን ወደ መጫኛ ስክሪፕት (ትእዛዞቹን በተራ የሚፈጽም ፋይል) እየቀየርኩ አዲሱ ላይ ሞከርኩ፣ ሲበላሽ አስተካከልኩ። ቀን ሥራዬ አልቆመም።

ሁሉም ነገር ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው) ላይ ነው፣ ምን ቸገረኝ የምትሉ፣ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ስታሽ ያደረጋችሁት (ለጊዜው ወደ ጎን ያስቀመጣችሁት ለውጥ) ፑሽ ስታደርጉ (ወደ ሰርቨር ስትልኩ) አብሮ አይሄድም፣ እዚያው ማሽን ላይ ይቀራል። ፑሽ ያልተደረገ ብራንችም (ለብቻው የተያዘ የኮድ መስመር) እንደዚያው። የፓስወርዶቹ ፋይልማ ጊት እንዳያየው ራሳችን ነን የከለከልነው። የሰርቨር ቁልፉን ኮፒ አላደረግኩም። አዲሱ ላይ አዲስ አወጣሁና ገና አሮጌው ሰርቨሩ ውስጥ መግባት እየቻለ አዲሱን አስመዘገብኩት። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት በሩን ቆልፋችሁ ቁልፉን ቤት ውስጥ ረሳችሁ ማለት ነው። ዳታቤዙንም ፎልደሩን መገልበጥ አይደለም። ፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ፕሮግራሙ) ዋና ቨርዥኑ ከተለየ የድሮውን ፎልደር አያነብላችሁም፣ በፒጂ ዳምፕ (ዳታውን ወደ ፋይል በሚገለብጠው መሣሪያው) አውጥቶ ማስገባት ነው።

ማሽኑ ቆሞ ብቻ የሚሠራው በመጨረሻ ትንሽ ሆነ። የመጨረሻው ዳምፕ፣ በእጄ ላይ የነበረ ያላለቀ ሥራ፣ ብራውዘሩ፣ እና የመጨረሻ ሙከራ። 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። እናንተስ እንዴት ነው የምትቀይሩት?


ሻይ_በቅመም — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

ወንድሜ ስለ ስታሽ ያልከውን አንብቤ ሮጬ አየሁ፣ 17 አለኝ። አንዱ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ ስሙም "ለነገ"።

አንድ የረሳኸው አለ። ከዊንዶውስ ወደ ሊነክስ ስትሄድ የፋይል ስም ጉዳይ። ዊንዶውስ በትልቁ ኤች ጻፍከው በትንሿ ኤች ግድ የለውም፣ አንድ ነው ይልሃል። ሊነክስ ላይ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። እኔ ፋይሉን በትልቁ ሰይሜ ኮዱ ውስጥ በትንሿ ጠርቼው፣ ስምንት ወር በሰላም ከኖረ በኋላ አዲሱ ማሽን ላይ ፋይሉ የለም አለኝ። ፋይሉን በዓይኔ እያየሁት! ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጣላሁት። የመስመር መጨረሻውም እንደዚሁ ነው። ዊንዶውስ ሁለት ምልክት ያስቀምጣል፣ ሊነክስ አንድ፣ የሼል ስክሪፕትህ በማይታይ ፊደል ምክንያት አልሠራም ይልሃል።


ባለኪቦርዱ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

የመስመሩ ደርሶብኛል፣ የፋይል ስሙ ግን ስክሪፕቱን ስሞክር ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው የወጣልኝ። አሮጌው አጠገቤ እየሠራ ስለነበር አልደነገጥኩም፣ ሻዬን ጠጥቼ አስተካከልኩት። ያንኑ ስህተት ሥራ ቆሞ ብታገኘው ላብ ነው።


የማሽን_ሰው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ልጆች፣ እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጥገና ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ልጄ ናት ይሄን ክር ያሳየችኝ። ስለዚህ የቶዮታ አሠራር፣ እኛ ካይዘን (ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ማሻሻል) ስለምንለው ስትጽፉ አንድ ሁለት ነገር ልበል።

እኛ አገር ይሄ ነገር የመጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ከጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት ከጃይካ ጋር በተጀመረው ሙከራ ነው፣ 30 ፋብሪካዎች ነበሩበት። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አምስቱን "ማ" ያልሰማ የፋብሪካ ሠራተኛ የለም፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኛ ጋ ብዙው ጊዜ የሄደው ወለል ላይ ቢጫ መስመር በመቀባትና ሰሌዳ በመስቀል ነው። እንግዳ ሲመጣ ይጸዳል። አምስተኛው "ማ" ሁልጊዜ ቀሪ ነው።

ግን የድር ጥቅል ስንቀይር የሠራነው ነገር ነበር። አንድ የሽመና ማሽን ድሩ ሲያልቅበት ይቆማል፣ ያኔ ነው ጋሪ ፍለጋ የምንሄደው። ጋሪው ሌላ ክፍል ወስዶታል። ቁልፉ ቆላፊው ኪስ ነው፣ ቆላፊው ምሳ ነው። እናም ድሩ ሊያልቅ ሲል ቀድሞ ምልክት እንዲሰጥ፣ ጋሪውም ማሽኑ አጠገብ እንዲጠብቅ አደረግን። ያወጣነው ገንዘብ የለም።

አሁን የባለኪቦርዱን ላርመው። ሦስት ደቂቃዋን አደነቅሃት፣ ጥሩ። ግን ቶዮታ ፍጥነቱን የፈለገው ለፍጥነቱ ብሎ አይደለም። ቅርጽ መቀየር 4 ሰዓት ከፈጀ፣ አንዴ ከገጠምክ በኋላ ገና የማትፈልገውንም ሺህ በሮች ታትምና መጋዘን ትሞላለህ፣ መቀየር ስለምትፈራ። መቀየር 3 ደቂቃ ከሆነ ለዛሬ የሚያስፈልገውን አትመህ ወደ ሌላው ትሄዳለህ። ጥቅሙ አለመፍራቱ ነው። አንተም በሦስት ዓመት አንዴ በ2 ሰዓት መቀየርህን ሳይሆን፣ ዛሬ ማታ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ነገ ጠዋት ምን ታደርጋለህ የሚለውን ጠይቅ።


ባለኪቦርዱ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡41

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ይሄን እኔ ካነበብኩት ውስጥ ዘልዬዋለሁ ማለት ነው። ለስርቆቱ ጥያቄ ደግሞ አሁን መልስ የለኝም። አሮጌው አጠገቤ ባይኖር ኖሮ ስክሪፕቱ ብቻውን አያድነኝም ነበር።


ከስቶክሆልም — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡05

እኔ ማክ ላይ ነኝ። ከኢንቴሉ ቺፕ ወደ አፕል የራሱ ኤም ቺፕ ስሻገር ሁሉም ነገር በራሱ ይገለበጣል ብለውኝ ነበር፣ እውነትም ፎቶዬና ዴስክቶፔ ሳይቀር ተገለበጠ። የዶከር ኢሜጆቼ ግን ለኢንቴል የተሠሩ ስለነበሩ አዲሱ ቺፕ በማስመሰል ነው የሚያስኬዳቸው፣ እና ሁለት ጊዜ የፈጠነ ማሽን ገዝቼ ቴስቱ ከድሮው ዘገየብኝ። ለአርም (ለአዲሱ ቺፕ ዓይነት) የተሠራ ኢሜጅ መፈለግ ነበረብኝ። እንደው ሁሉን በጅምላ መገልበጡ ራሱ ጥሩ አይመስለኝም። ቤት ስትቀይሩ ቆሻሻውንም አብሮ እንደ መጫን ነው፣ የአምስት ዓመት ጉድ ተከትሎኝ መጣ።

ግን እኔን የሚያደክመኝ ሌላኛው መቀያየር ነው፣ የየቀኑ። የቢሮ ማሽን አለኝ፣ የቤት ማሽን አለኝ፣ በሁለቱ መሃል በቀን ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ። ሜሪ እና ቶም ፖፐንዲክ የሚባሉ ጸሐፊዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ሊንን ወደ ሶፍትዌር ሲያመጡ ከሰባቱ ብክነቶች አንዱ ያደረጉት ከሥራ ወደ ሥራ መዝለልን ነው። ያላለቀ ሥራም አለበት። እኔ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እሠራለሁ፣ ቢሮ ግማሽ ጀምሬ ቤት ሌላ ግማሽ። መፍትሔዬ ቀላል ነው። ከአንዱ ማሽን ሳልነሣ በፊት፣ ቢሠራም ባይሠራም፣ ለራሴ ብራንች ላይ ኮሚት አድርጌ (ጊት ላይ መዝግቤ) ፑሽ አደርጋለሁ፣ መልእክቱም ቀጥሎ ምን ልሠራ እንደነበር የሚናገር አንድ መስመር ነው። "የቀረው፦ ታክሱ ሁለቴ እየተቆጠረ ነው፣ ደረሰኝ ማውጫውን እይ"። ጠዋት እሱን አነባለሁ፣ ቡናዬ ሳይበርድ ሥራ ውስጥ ነኝ።


ሁሉም_ያልፋል — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡22

ይቅርታ ድግሱን ላበላሽ ነው። ሊን ሊን ሲባል ደሜ ይፈላል። የነበርኩበት መሥሪያ ቤት ሊን ሆነናል ብሎ ሦስቱን ቴስተሮች አሰናበተ፣ ግድግዳ ላይ ባለቀለም ወረቀት ለጠፈ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ቴስት የሚያደርገው ደንበኛው ነበር። ብክነት የተባሉት ሰዎቹ ናቸው።

ሌላው፣ እናንተ የሊን ሰዎች "ክምችት ብክነት ነው" የምትሉት። እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ኢንተርኔት ሲጠፋ የማይጠፋ ሥራ አለኝ። ስለዚህ ዶክመንቴሽኑ፣ የፓኬጆቹ ኮፒ፣ የኡቡንቱው ኢሜጅ ሳይቀር ውጫዊ ዲስክ ላይ 200 ጊጋ ያህል ተቆልሎልኛል። ሊኖቹ ቢያዩኝ ያለቅሳሉ። ስክሪፕትህ መብራት ያለበት፣ ኔት ያለበት ምሽት ጠብቆ ነው 2 ሰዓት የሆነው።


ባለኪቦርዱ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡40

የቴስተሮቹ ነገር ያሳዝናል፣ አልከራከርም። እንዲያውም የዋናዎቹን ነገር ካነበብከው ተቃራኒውን ነው የሚለው፣ ጥራት መጨረሻ ላይ አይፈተሽም፣ መሃል ላይ ይሠራል እንጂ ሰው አባረህ አታገኘውም።

የክምችቱን ግን ቶዮታ ራሱ ነው ከአንተ ጋር የሚስማማው። ከ2011ዱ (እ.ኤ.አ.) የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ቁጭ ብለው አሰቡና ቺፕ የሚያቀርቡላቸውን ከ2 እስከ 6 ወር የሚበቃ ክምችት ያዙ አሏቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. ዓለም ሁሉ ቺፕ አጥቶ ፋብሪካ ሲዘጋ እነሱ ከብዙዎቹ ቆይተው ነው የተነኩት። ያለ ክምችት መሥራትን ለዓለም ያስተማረው ድርጅት! ስለዚህ 200 ጊጋህን አቅፈህ ተኛ። እንደውም እኔም የመጀመሪያውን ጭነት የሠራሁት ፓኬጆቹን ሁሉ ሌሊት አውርጄ ዲስክ ላይ አስቀምጬ ነው፣ ሳልጽፈው ቀረሁ።


ጀማሪዋ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እህት ነኝ፣ ከጀመርኩ ገና ስድስት ወሬ ነው። ሁለት ጥያቄ። ኡቡንቱ ላይ አማርኛ በምን ትጽፋላችሁ? ሁለተኛ፣ የእናቴን ቢሮ የድሮ ደብዳቤዎች ወደዚህ ሳመጣቸው ፊደሉ ሁሉ ዝባዝንኬ ሆነብኝ፣ ኮምፒውተሩ ነው ወይስ እኔ?


ሻይ_በቅመም — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡35

አንቺ አይደለሽም። አይባስ ኤም17ኤን የሚለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ጫኚና ለአማርኛ "ሴራ" የሚባለውን የአጻጻፍ ዘዴ ምረጪ፣ እንደ ሰላምታ ሰ ለማለት ኤስ እና ኢ ነው። ፎንቱን በተመለከተ ኒያላ የሚመጣው ከዊንዶውስ ጋር ነው፣ ኡቡንቱ ላይ አትጠብቂው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫኚ።

ደብዳቤዎቹ ሌላ ጣጣ ናቸው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነበር የሚጻፈው። እነሱ የእንግሊዝኛ ፊደሉ ላይ የእኛን ቅርጽ ያለብሱታል። ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ወልቆ ታገኚዋለሽ። ያ አሮጌ ኮምፒውተር ገና ይነሣል? ከተነሣ ሳትጥሉት ቢያንስ ደብዳቤዎቹን ፒዲኤፍ አድርገሽ አውጪ። ቀያሪ ፕሮግራም ብታገኚም አንድ በአንድ አንብቢው፣ ቁጥርና ነጥብ ላይ ይሳሳታል።


ባለኪቦርዱ — ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡15

አንድ ኑዛዜ አለኝ።

ረቡዕ ማታ አሮጌውን ላፕቶፕ ሙሉ በሙሉ አጽድቼ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት። ዛሬ ጠዋት አንድ ደንበኛዬ ደወሉ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ረጋ ብለው "ልጄ፣ የሽያጭ ሪፖርቱ ቀረ ወይስ የኔ ኢሜይል ነው የተበላሸው?" አሉኝ። ልቤ ቀጥ አለ። ለካ አሮጌው ላይ፣ ዊንዶውስ በየሌሊቱ 8 ሰዓት አንድ ስክሪፕት እንዲያስነሳ አዝዤው ነበር፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ "ለጊዜው" ብዬ። ሪፖርቱን አውጥቶ በኢሜይል ይልክላቸዋል። ሁለት ሳምንት የነካሁትን ሁሉ መዘገብኩ አላልኩም? እሱን አልነካሁትማ! እኔ ተኝቼ ነው የሚሠራው። የነካኸውን መመዝገብ የማትነካውን አያሳይም።

ደግነቱ ስክሪፕቱ ጊት ላይ ነበር፣ መቼ ይነሣ የሚለው ትእዛዝ ብቻ ነው የጠፋው። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ አልመለስኩትም፣ ሰርቨር ላይ አስቀመጥኩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የሁለት ቀኑን ሪፖርት በእጄ ልኬ ይቅርታ ጠየቅኩ። እናም 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያልኩት ውሸት ነበር፣ 2 ሰዓት ከ40 እና አንድ ውርደት በሉት።


የማሽን_ሰው — ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡50

የደንበኛው ስልክ ነው የነገረህ፣ ችግሩ እሱ ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ፣ የቶዮታን መኪና ፋብሪካ የመሠረተው ሰው አባት፣ የሽመና ማሽን ሠሪ ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማሽን አንዲት ክር ስትበጠስ ራሱ ይቆማል። ራሱ የማይቆም ቢሆን፣ ሰው ቆሞ ካላየው ማሽኑ የተበላሸ ጨርቅ እየሠራ ይቀጥላል። የአንተ ክር ሁለት ቀን ተበጥሳ ነበር፣ ማንም አልጮኸም። ሪፖርቱ ባልተላከ ጠዋት ለአንተ ስልክ መልእክት የሚልክ ነገር አድርግበት።


ባለኪቦርዱ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡05

አሁኑኑ፣ ጋሼ።


ሁሉም_ያልፋል — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡30

እንግዲህ እኔም ባላምንበትም ታስክ ስኬጁለሬን (ዊንዶውስ በሰዓታቸው የሚያስነሣቸውን ሥራዎች ዝርዝር) ከፍቼ አየሁ። አራት አሉ። አንዱ የተዘጋ ድርጅት ዳታቤዝ ባክአፕ እያደረገ ነው፣ የሌለ ዳታቤዝ፣ በየቀኑ። ሳቄን አልቻልኩም።


ጀማሪዋ — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡00

አመሰግናለሁ፣ አማርኛው ሠራ፣ ይሄን በሱ ነው የምጽፈው። የእናቴንም ደብዳቤ ፒዲኤፍ አድርጌ ጨረስኩ፣ 212 ሆነ። አሁን የራሴን ዝርዝር ስሠራ ሦስት የሰርቨር ቁልፍ አገኘሁ፣ ከልምምድ ጊዜ ነው መሰለኝ፣ የቱን እንደሚከፍቱ አላውቅም። ላጥፋቸው?


የማሽን_ሰው — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡25

አታጥፊ ልጄ። እኛ ጋ ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ላይ ቀይ ካርድ ይለጠፍና ለብቻው ይቀመጣል፣ ቀኑ ተጽፎበት። አንቺም ወደ ሌላ ፎልደር አውጫቸውና የዛሬን ቀን ጻፊበት። የሚጮህ ካለ በአንድ ወር ውስጥ ይጮኻል።